ጠያቂው ንጉሠ ነገሥት

በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ መጻፉ የቆየ ልማድ ነው። ዘንድሮ ተራው ለእኔ ስለ ደረሰኝ የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክን ታሪክ መረጥሁ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን በሰማ ጊዜ ስለ ዐድዋ ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው እንደሚበቃን፣ ደግሞም ምኒልክ የሸዋ ሰው እንጂ የወሎ ሰው እንዳልነበሩ እየነገረ ተከራከረኝ። ክርክሩ መልካም ነው። ነገር ግን የምጽፈው ስለ ጦርነታቸው አይደለም፤ ያዩትን ነገር ሁሉ ለማወቅ ስለ ነበራቸው ጉጉት ነው። የዚህ ጉጉት መጀመሪያውም፣ እጅግ የተጎዱበት ቀንም ከዚሁ ከእኛ አገር የራቀ አይደለም። (ዓመቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው፤ አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ እናታቸውም ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን በያዙ ጊዜ አባታቸው ሞቱ፤ ልጁም በ11 ዓመት ዕድሜ ተማረከ። ከዚያ በኋላ ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በቴዎድሮስ እጅ ሲያሳልፍ ብዙውን የቆየው በመቅደላ ላይ ነው። መቅደላ ማለት ከደሴ ወደ ምዕራብ፣ በተንታ በኩል ያለው አምባ ነው። ስለዚህ ያ ልጅ ከልጅነት ወደ ጎልማሳነት የተሻገረው በወሎ ምድር ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ምርኮ ቢባልም ወህኒ ብቻ አልነበረም። ቴዎድሮስ ልጁን እንደ መኳንንት ልጅ አሳደጉት፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩለት። ቴዎድሮስ በበኩላቸው የአውሮፓ ባለ እጆችን በጋፋት ሰብስበው መድፍና መንኰራኵር ለማሠራት ሌት ተቀን የሚጨነቁ ንጉሥ ነበሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ተጎትቶ መቅደላ የደረሰው በ1860 ዓ.ም. ምኒልክ ከሄዱ በኋላ ቢሆንም፣ የዚያ ሁሉ ሥራ ወሬ ለወጣቱ ሳይደርሰው አልቀረም። በኋላ ዘመን ምኒልክ የእጅ ሥራ የሚያውቅን ሰው ሲያከብሩ ስናይ የማን ደቀ መዝሙር እንደ ነበሩ እንጠረጥራለን።

በ1857 ዓ.ም. በሰኔ ወር በሌሊት ከመቅደላ አመለጡ። የሸሹትም የወረ ሂማኖ ገዢ ወደ ነበሩት ወደ ወይዘሮ ወርቂት ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የወርቂትን ስም በደሴ ልጆች አፍ ላይ እንደሚገባው ሲነሣ አልሰማሁም። የወይዘሮዪቱ ልጅ በዚያን ጊዜ በመቅደላ እስረኛ ነበረ። ያመለጠውን የሸዋ ልዑል ይዘው ቢመልሱ ልጃቸውን ሊያስፈቱበት ይችሉ ነበር። ቴዎድሮስ ግን ጊዜ አልሰጧቸውም፤ ምኒልክ ወደ ወርቂት ሰፈር መግባታቸውን ከአምባው ላይ በመነጽር አሻግረው አዩ ይባላል፤ ወዲያው ተቈጥተው የወርቂትን ልጅ ከሌሎች እስረኞች ጋራ አስገደሉት። እናቲቱም ሐዘናቸውን ይዘው እንግዳቸውን በሰላም ወደ ሸዋ አሻገሩ። ያች ሴት በዚያን ቀን ሌላ ነገር ቢያደርጉ ኖሮ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ባልተጻፈ ነበር።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ከሆኑ በኋላ ወደ ወሎ የተመለሱት በጦር ነው፤ ወረ ኢሉንም ከተማ አድርገው ያዙ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ ከዐፄ ዮሐንስ ጋራ ሆነው የወሰኑት ነገር ለወሎ እስላሞች የመከራ ዘመን እንዳመጣ አባቶቻችን ያውቃሉ። ይህን ዝም ብሎ ማለፍ ለታሪክ ጸሐፊ አይገባም። እንግዲህ ወደ ጀመርሁት ነገር ልመለስ።

በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የሚባል የስዊስ መሐንዲስ ወደ ሸዋ መጣ። ምኒልክ የሰውየውን ዕውቀት ለመመርመር መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራላቸው ነበር ይባላል። መሐንዲስ ጫማ ሰፊ አይደለም፤ ኢልግ ግን ሠርቶ አቀረበ። ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ። ከውጭ ቢገዛ እንደሚረክስ ቢያስረዳም ንጉሡ አልተቀበሉትም፤ በመጨረሻም ጠመንጃውን ሠራ። ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ሊሥቅ ይችላል። እኔ ግን ንጉሡ የፈለጉት ጫማውንም ጠመንጃውንም አይመስለኝም፤ ነገሩ በአገራቸው መሬት ላይ፣ በዓይናቸው ፊት ሊሠራ ይችል እንደሆነ ማየት ነበር። ኢልግ በኋላ በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራላቸው፤ ከእንጦጦ ተራራ ምንጭ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት ውሃ አወረደላቸው። ውሃው ቁልቁል ወርዶ እንደገና ሽቅብ ይወጣል የተባለውን ብዙ ሰው አላመነም ነበር፤ ቧንቧው ተከፍቶ ሲፈስ ግን ከተማው ሁሉ ለማየት ወጣ።

በዚያው ዘመን ምኒልክ ለፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ ላኩ፤ በ1874 ዓ.ም. የአውሮፓ ሊቃውንት እንስሳውን መርምረው ከሚያውቁት ዝርያ የተለየ ሆኖ ስላገኙት በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየሙት። የሥነ ሕይወት አስተማሪዎቻችን ስሙን ያውቁታል። የላኪው ስም ግን በእንስሳው ላይ አልቀረም።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ሁሉን በእጁ ዳስሶ፣ በዓይኑ አይቶ ካልሆነ የማያምን ሰው በአንድ ቀን በሌላ ሰው አፍ ተማምኖ እንደ ተጎዳ ልንገራችሁ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ሐይቅን አልፈን ስንሄድ ውጫሌ እንደርሳለን። በዚያ አካባቢ፣ በአምባሰል ምድር፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣሊያ መልክተኛ ከአንቶኔሊ ጋራ ውል ተፈራረሙ። ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር፤ ምኒልክም ዘውዱን ለማጽናት ይጣደፉ ነበር። ውሉ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ ተጻፈ። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የአውሮፓ ነገሥታት ጋራ ለመላላክ ቢፈልጉ በኢጣሊያ መንግሥት ሊረዱ እንደሚችሉ ይናገራል፤ በኢጣሊያንኛው ግን በኢጣሊያ በኩል ብቻ እንዲላላኩ ግዴታ የገቡ ያስመስላል። ልዩነቱ በአንድ ግሥ ላይ ነው። ኢጣሊያም ያንን ግሥ ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች።

ምኒልክ ይህን ያወቁት ወዲያው አልነበረም። ለእንግሊዝና ለጀርመን ነገሥታት በቀጥታ በጻፉት ደብዳቤ ላይ የመጣው መልስ በ1882 ዓ.ም. ሲነበብላቸው፣ ነገራቸውን ሁሉ በኢጣሊያ በኩል እንዲያደርጉ የሚያሳስብ ሆነ። ጠመንጃን ፈታትተው የሚያውቁ ንጉሥ የራሳቸውን ውል በሌላው ቋንቋ አላነበቡትም ነበር፤ ሊያነቡትም አይችሉም፤ ቋንቋውን አያውቁም። ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ የሚባሉ አስተርጓሚ ነበሩ፤ በደሉ የማን እንደሆነ የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም። ነገር ግን እንደ ተማሪ ሆኜ ሳስበው አንድ ግሥ ስንት ሰው እንዳስፈጀ ያስደነግጠኛል። በሰዋስው ክፍለ ጊዜ የምናዛጋ ሰዎች እንዳለን አስተማሪዎቻችን ያውቃሉ።

ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኢጣሊያ ንጉሥ ለኡምቤርቶ ስሕተቱን ገልጠው ጻፉ፤ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን ፈጽመው እንደማይቀበሉት አስታወቁ። የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1888 ዓ.ም. መስከረም ላይ የክተት ዐዋጅ ታወጀ፤ ሠራዊቱ ከተሰበሰበባቸው ስፍራዎች አንዷ ወረ ኢሉ ነበረች፤ የካቲት 23 ቀንም ዐድዋ ሆነ። ከሁለቱም ወገን የወደቀው ሰው በብዙ ሺህ የሚቈጠር ነው። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሲሽር፣ የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነበር። ኢጣሊያንኛ አልገባበትም። ከ7 ዓመት በኋላም፣ በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. የአሜሪካው መልክተኛ ስኪነር መጥቶ የንግድ ውል ሲዋዋሉ እንዲሁ በአማርኛና በፈረንሳይኛ ሆነ።

ከዐድዋ በኋላ የነበሩት 10 ዓመታት የምኒልክ ጉጉት ያለ ልክ የሰፋበት ዘመን ነው፤ ለመጻፍ የሚያስደስተኝም ይኸኛው ክፍል ነው። ጐሕ ሳይቀድ ይነሣሉ፤ ከጸሎት በኋላ የቤተ መንግሥቱን የእጅ ሥራ ቤቶች እየዞሩ ያያሉ፤ አናጢውንም፣ አንጥረኛውንም፣ ግንበኛውንም እየጠሩ ይጠይቃሉ። በዚያን ዘመን ብረት ቀጥቃጭና ሸማኔ በሕዝባችን ዘንድ ይናቁ እንደ ነበር ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ንጉሡ ግን ከእነርሱ ዘንድ ቆመው መዋልን እንደ ውርደት አልቈጠሩትም። በክፉ ቀን ጊዜ፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ ገበሬው ያለ በሬ በቀረ ጊዜ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቈፍረዋል። ያለ በሬ ማረስ ይቻል እንደሆነ ለማሳየት ነው።

የውጭ አገር መንገደኞች እንደ ጻፉት ሰዓት ፈታትተው ማየት ይወዱ ነበር፤ ሐኪም ሲመጣ ስለ እያንዳንዱ መድኃኒት ይጠይቃሉ፤ ፎቶግራፍ መነሣት ደስ ይላቸዋል። ስልክ በቤተ መንግሥት በገባ ጊዜ አንዳንድ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ሲኒማ የሚታይበትንም ቤት ሕዝቡ የሰይጣን ቤት ብሎ ሰየመው። ምኒልክ አልተቀየሙም፣ አላስወጡምም። በመልካቸው የተቀረጸ ገንዘብ በፓሪስ ታትሞ መጣ፤ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ ሥራ ታወጀ፣ ለባቡር ሐዲድም ፈቃድ ተሰጠ። ገንዘቡን ሕዝቡ ቶሎ አልወደደውም፤ የማሪያ ቴሬዛን ብር አይለቅም ነበር። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ነው። የኮምቦልቻ ልጆች በከተማቸው በኩል የተዘረጋውን አዲሱን ሐዲድ ሲያዩ ይህን ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል፤ የባቡር ነገር በአገራችን ከጥንትም ትዕግሥት ይጠይቃል።

ባሕር ዛፍም በእርሳቸው ዘመን ገባ። አዲስ አበባ እንጨት አልቆባት ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር፤ ቶሎ የሚያድገው ይህ ዛፍ ከተማዋን በቦታዋ አስቀረ። ዛሬ ከደሴ በላይ ያሉትን ተራሮች ስናይ ዛፉ ከአዲስ አበባ ምን ያህል እንደ ተጓዘ እንረዳለን። መሬት ያደርቃል እየተባለ የሚወቀስ ቢሆንም፣ ወላጆቻችን ቤት የሠሩበትና እንጀራ የጋገሩበት እርሱ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ አውቶሞቢል ነድቶ አዲስ አበባ ገባ። ንጉሡ በዚያን ጊዜ 63 ዓመት አልፏቸዋል፤ ጤናቸውም መታወክ ጀምሯል። ቢሆንም በዚያች መኪና ተቀምጠው ተንሸራሸሩ፤ እንደ ልጅም ተደሰቱ። አንዳንድ የአውሮፓ ሰዎች ይህን የመሰለውን ነገር እያነሡ ምኒልክ በመጫወቻ የሚደሰቱ የጥቁር ንጉሥ አድርገው ጽፈዋል። በዚያው ዘመን የእነርሱም መኳንንት በመኪና ሲጫወቱ ይውሉ እንደ ነበር ግን አልጻፉም።

ደስታቸው ሁሉ ከውጭ የመጣ ነገር ብቻ አልነበረም። ግብር ማግባት ይወዱ ነበር። በአዲስ አበባው አዳራሽ በሺህ የሚቈጠር ሰው በየተራው እየገባ ጥሬ ሥጋና ጠጅ ይቀርብለት ነበር። እኛ ደሴዎች ግብር ምን እንደሚመስል ለመገመት አንቸገርም፤ የምኒልክ ልጅ የወይዘሮ ሸዋረጋ ባል የነበሩት ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ በከተማችን መካከል አለልን፤ ስሙም ድኻን ከሀብታም ሳይለይ ያበላ ስለ ነበር ነው ይባላል።

የጥንት ነገርም ያሳስባቸው ነበር። የመንግሥታቸውን ታሪክ በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ አጽፈዋል። በ1898 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን ከባልንጀሮቹ ጋራ አክሱምን እንዲመረምር ፈቀዱለት። እነርሱም ሐውልቶቹን ለኩ፣ ፎቶግራፍ አነሡ፣ በድንጋይ ላይ የተጻፉትን ጽሕፈቶች ገለበጡ። ስለ ጥንቱ አክሱም በታሪክ መጽሐፋችን ከምናነበው ብዙው ከዚያ ጥቂት ወራት ሥራ የተገኘ ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔ የማስበልጠው ግን አንዱን ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1890 ዓ.ም. ድምፃቸውን በፎኖግራፍ ቀርጸው ለምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ። መልእክቱ አዲስ አበባ ሲደርስ ንጉሠ ነገሥቱ ቆመው ሰሙት፤ መድፍም ተተኰሰ። ከዚያም ደጋግመው አሰሙት። የንግሥቲቱ ቃል አስቀድሞ በታዘዘው መሠረት ከተሰማ በኋላ ጠፋ። ምኒልክና ጣይቱ ግን በ1891 ዓ.ም. በየራሳቸው ድምፅ መልስ ቀርጸው ላኩ። በዚህ ጊዜ በመካከል አስተርጓሚ አልቆመም፤ በአማርኛ የተናገሩት ቃል በአማርኛ እንደ ሆነ ለንደን ደረሰ።

በጥቅምት 1901 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ካህናቱ የባዕድ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል ብለው ስለ ፈሩ፣ አስተማሪዎቹ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች እንዲሆኑ ተደረገ፤ መሪያቸውም ሐና ሳሊብ ነበሩ። ምኒልክ በዚህ ዘዴ ካህናቱንም አላስቀየሙ፣ ትምህርቱንም አላስቀሩ። በትምህርት ቤቱ ከሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ዓረብኛና ኢጣሊያንኛ ነበሩበት። ኢጣሊያንኛ ከዐድዋ 13 ዓመት ሳይሞላ ለኢትዮጵያ ልጆች ተሰጠ። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ እንግዳ ነገር ያየው ይሆናል፤ ከይስማ ንጉሥ የተመለሰ ሰው ግን የጠላቱን ቋንቋ ለልጆቹ ለምን እንዳስተማረ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ትምህርት ቤቱ ሥራውን ሲጀምር መሥራቹ ታመው ነበር። በሽታው ደጋግሞ ጣላቸው፤ በ1902 ዓ.ም. የደረሰባቸው ከባዱ ነው፤ ሰውነታቸውም አንደበታቸውም ታሰረ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ሲጠይቁ የኖሩት ሰው ከዚያ በኋላ 4 ዓመት ያህል ምንም ሳይጠይቁ ተኙ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ መሞታቸውም ለጊዜው ከሕዝብ ተሰወረ። ለቪክቶሪያ የላኩት ድምፅ ግን አልጠፋም። ሰሙ በብዙ ማርጀቱ ቃሉን ለማጣራት ጆሮን ማቅናት ያስፈልጋል፤ ቢሆንም እስከ ዛሬ ይሰማል።